የጠንካራ ቢራ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ቤቱ ውስጥ ቢራ የሚጠምቅ ሰው 10 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው ጠንካራ ቢራ ለመሥራት ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈራው አረፋው ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ማታ ጸጥ ብሎ የተከደነ ዕቃ ጠዋት ገፈቱን በክዳኑ ዙሪያ ገንፍሎ ወለሉን አጣብቆት ይገኛል፤ ትንሿ የጋዝ ማስወጫ በሆፕ ፍርፋሪና በእርሾ ከተደፈነች ክዳኑ ተፈናጥሮ ጣሪያ ሊመታ፣ ዕቃው ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ከሆነም ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ በጉዳዩ ላይ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ስለ ክዳን፣ ስለ ቱቦና ከሥር ስለሚቀመጥ ባልዲ ነው። ምክሩ ስህተት የለበትም፤ ዋናውን ጉዳይ ግን ሳይነካ ያልፋል። የገነፈለ ቢራ ወለል ከማበላሸት አልፎ ጣዕሙን ብዙም አይጎዳም፤ አንዲት ጠብታ ሳትፈስበት በ28 ዲግሪ የፈላ ጠንካራ ቢራ ግን ዓመት ሙሉ ተጠብቆም ጉሮሮ ሲያቃጥል ይኖራል። ሁለቱን ጥፋቶች ሳመዛዝን የማምነው አንድ ነገር ነው፦ ጠማቂው የፍላቱን ጉልበት ሊፈቅድለት፣ እንዲያውም ሊመኝለት ይገባል፤ ሊከለክለው የሚገባው ከጉልበቱ ጋር የሚመጣውን ሙቀት ነው፤ የሚከለክልበትም ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ጠማቂዎች ዎርት የሚሉት የብቅል ጭማቂ 20 ሊትር ቢሆንና እፍጋቱ በሃይድሮሜትር 1.100 ቢያሳይ፣ በውስጡ የሟሟው አብዛኛው ስኳር የሆነ ነገር ከ5 ኪሎ ይበልጣል። እርሾው ከዚህ ውስጥ ከ3 ኪሎ በላይ ይበላል። ስኳር ሲፈላ ግማሹ ያህል አልኮል፣ ግማሹ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሆን፣ ከዚያች አንዲት ዕቃ የሚወጣው ጋዝ ወደ 1.5 ኪሎ ይጠጋል፤ በተራ የክፍል ሙቀት ሲለካ ደግሞ ከ800 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ገፈቱን ወደ ክዳኑ የሚገፋው ይህ ነው። በዚያው ጊዜ እያንዳንዱ የሚፈላ ኪሎ ስኳር 580 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይለቃል። የሦስቱን ኪሎ ሙቀት ብንደምረውና ምንም ሳይባክን እዚያው ፈሳሹ ውስጥ ቢቀር፣ 20 ሊትሩን በሙሉ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊያሞቀው ይበቃል። እፍጋቱ 1.050 የሆነ ተራ ቢራ የሚያወጣው ሙቀት የዚህን ግማሽ ያህል ነው። በእርግጥ ሙቀቱ በዕቃው ጎን ወደ ክፍሉ ይሸሻል፤ ፍላቱ በሚያይልበት ሰዓት ግን የሚመነጨው ከሚሸሸው ስለሚበልጥ ፈሳሹ ከክፍሉ በ3፣ በ5፣ ጠንካራ ቢራ ላይ ከዚያም በሚበልጥ ዲግሪ ይሞቃል። እዚህ ላይ ነገሩ ራሱን የሚመግብ ይሆናል፤ የሞቀ እርሾ ይፈጥናል፣ የፈጠነ እርሾ ይበልጥ ያሞቃል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር 21 እያለ ቢራው 27 ላይ ሊሆን ይችላል፤ ክፍሉን ብቻ የሚለካ ጠማቂም ይህን ሳያውቀው ሦስቱ ቀናት ያልፋሉ።

ይህ ሙቀት ሁልጊዜ እኩል አይጎዳም። እርሾ ወደ ጣፋጩ ጭማቂ ከገባ በኋላ ባሉት አንድና ሁለት ቀናት ዋና ሥራው መራባት ነው። ለመራባት ከብቅሉ የሚያገኛቸውን አሚኖ አሲዶች ይጠቀማል፤ ከእነርሱም ናይትሮጅኑን ወስዶ የቀረውን ወደ ከባድ አልኮሎች ይለውጠዋል። ይህን መንገድ ጀርመናዊው ኬሚስት ፌሊክስ ኤርሊክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አሳይቷል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ጉሮሮ የሚያቃጥለው፣ አፍንጫ ላይ እንደ ማሟሟቂያ የሚሸተው ነገር በአብዛኛው የእነዚህ አልኮሎችና አብረዋቸው የሚወለዱት ኤስተሮች ሥራ ነው። ኤስተር በልኩ ሲሆን የሙዝና የእንኮይ ሽታ ይሰጣል፤ ሲበዛ ግን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይመስላል። ሁለቱም ከሙቀት ጋር ይጨምራሉ፤ ሁለቱም የሚበዙት እርሾው በሚራባበት ወቅት ነው። ጠንካራ ጭማቂ ደግሞ ስኳሩም አሚኖ አሲዱም ብዙ ስለሆነ፣ በተራ ቢራ ላይ በቀላሉ የሚታለፈው የሁለት ዲግሪ ስህተት እዚህ ላይ በግልጽ ይቀመሳል። መራባቱ ካበቃ በኋላ ያው የሁለት ዲግሪ ጭማሪ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አያደርስም፤ እንዲያውም እንደምናየው ይጠቅማል። መጠኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱ ይወስናል የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

የቢራ ታሪክም በዚህ በኩል ሲነበብ ይህንኑ ይመሰክራል። የባቫሪያው መስፍን አልብሬክት 5ኛ በ1553 እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 23 እስከ መስከረም 29 ቢራ እንዳይጠመቅ ከለከለ፤ የበጋ ሙቀት ቢራ እንደሚያበላሽ ጠማቂዎቹ ምክንያቱን ሳያውቁትም በልምድ ያውቁት ነበር። በእንግሊዝ የገጠር ባለጸጎች ቤቶች ለዓመታት የሚቀመጠው ጠንካራ ቢራ የሚጠመቀው በጥቅምት ስለነበር የወሩን ስም ይዞ ቀርቷል። ቅጥነት ያለውን የዕለት ቢራ በማንኛውም ጊዜ ይጠምቁታል፤ ጠንካራውን ግን ብርዱ እስኪመጣ ያቆዩታል። በኋላ እንግሊዛውያን ጠማቂዎች በመፍያ ገንዳዎቻቸው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍባቸውን የመዳብ ቧንቧዎች ዘረጉ፤ ካርል ፎን ሊንደም በ1870ዎቹ የማቀዝቀዣ ማሽኑን መጀመሪያ የሞከረው በሙኒክ ከተማ በሽፓተን ቢራ ፋብሪካ ነው። አረፋውን በተመለከተም የእንግሊዟ የበርተን ከተማ ጠማቂዎች አንድ ድንቅ ዘዴ ነበራቸው፤ በርሜሎቹን በረድፍ አሰልፈው ከእያንዳንዱ አናት እንደ ዝይ አንገት የቆለመመ ቱቦ ያወጡና የሚገነፍለውን እርሾ ከላይ ባለ ገንዳ ተቀብለው ቢራውን ወደ በርሜሉ ይመልሱታል። ያንን የፍላት ጉልበት አላፈኑትም፤ መሄጃ ሰጡት። በበርሜሎቹም ውስጥ ማቀዝቀዣ ቧንቧ ነበረ። የቤት ጠማቂ የሚያስፈልገው የዚህ ሁሉ ትንሽ ቅጂ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ፤ ደካሞች አይደሉም። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ ሙቀቱ የእርሾው ሥራ ውጤት ከሆነ፣ እርሾውን ቀንሶ መጨመር ፍላቱን ያዘገየዋል፣ ሙቀቱም በዝግታ ስለሚወጣ በራሱ ይበርዳል። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል፤ የሚረሳው ግን ጥቂት እርሾ ሥራውን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ መራባት ያለበት መሆኑን ነው፤ ከባድ አልኮሎቹ የሚወለዱት ደግሞ በዚያው በመራባቱ ውስጥ ነው። ሙቀትን ለመሸሽ ሲባል ሙቀቱ የሚያመጣው ጥፋት በሌላ በር ይገባል። ከዚህ የሚከፋው መጨረሻው ነው፤ የተዳከመው እርሾ አልኮሉ 8 በመቶ ገደማ ሲደርስ ያቆምና ቢራው እፍጋቱ 1.035 ወይም 1.040 ላይ ተገትሮ፣ ጣፋጭና ከባድ ሆኖ ይቀራል። የቆመን ፍላት መልሶ ማስነሳት ከሚፋጀው ፍላት ጋር ከመታገል እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ጠማቂዎች የሚከተሉት ልክ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሊትርና ለእያንዳንዱ የፕላቶ ዲግሪ፣ ማለትም ከጭማቂው ክብደት ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ ስኳር፣ 1 ሚሊዮን ያህል ሕዋስ ነው፤ ለ20 ሊትር ጠንካራ ጭማቂ ከ400 እስከ 500 ቢሊዮን ሕዋስ ይሆናል፤ በደረቅ እርሾ ቢሰላ ሁለት ወይም ሦስት ባለ 11 ግራም ከረጢት ማለት ነው። ኦክስጅንም አብሮ ይታሰባል። እርሾ የሕዋሱን ሽፋን የሚያጠነክርበትን ስቴሮል ለመሥራት ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ሽፋኑ ያልጠነከረ ሕዋስ መጨረሻ ላይ አልኮሉን አይችለውም። ዕቃውን በመናጥ የሚገኘው ኦክስጅን በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም አይዘልም፣ ስኳር በበዛበት ጭማቂ ውስጥ ደግሞ ያንሳል፤ ስለዚህ ጠንካራ ቢራ ላይ ከሲሊንደር የሚመጣ ንጹሕ ኦክስጅን ያለው ሰው ልዩነቱን ያየዋል። ይህ ሁሉ ፍላቱን ያበረታዋል እንጂ አያለዝበውም። ጉልበቱን ማፈን ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤልጅየም ይመጣል፤ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ይመስለኛል። የዌስትማሌ ገዳም መነኮሳት ቢራቸውን በ18 ዲግሪ ጀምረው ከ20 ብዙም ሳያሳልፉ ያፈሉታል። የዌስትቭሌተረን መነኮሳት እርሾ የሚያመጡት ከዚያው ከዌስትማሌ ነው፤ እነርሱ ግን ከ20 ገደማ አስነስተው ወደ 28 ሲወጣ ይተዉታል። ከዚያ የሚወጣው 10.2 በመቶ አልኮል ያለው 12 ቁጥር ቢራቸው በዓለም ዙሪያ የሚደነቅ ነው። ዱፖን የተባለው የቤልጅየም ቢራ ጠማቂ ደግሞ ሴዞን የሚባለውን ቢራ ከ30 ዲግሪ በላይ ያሳልፈዋል። እንግዲህ ሙቀት ይህን ያህል ጠላት ከሆነ እነዚህ ቢራዎች ስለምን አይቃጠሉም? መልሱ እነርሱ በሚጀምሩበት ቁጥር ላይ ነው። የገዳሞቹን የላይኛውን ቁጥር ብቻ አንስቶ በ28 ዲግሪ እርሾ የሚጨምር ሰው የእነርሱን መንገድ እየተከተለ አይደለም። ከ20 ተነስቶ ወደ 28 ለመድረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ሙቀቱ ጫፍ ሲደርስ መራባቱ አብዛኛው ተጠናቋል። ከዚህ በላይ እርሾውን በትውልድ ያውቁታል፤ ከቀደመው ጥመቃ የተሰበሰበ፣ ትኩስና ብዙ ሆኖ ይገባል፤ ቢራውም ከዚያ በኋላ በቀዝቃዛ ቤት ለሳምንታት ያርፋል። በዌስትማሌና በዌስትቭሌተረን መካከል ያለው ልዩነት ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ አንድ እርሾ በሁለት ሙቀት ሁለት የተለያየ ጠባይ ያሳያል፤ ሁለቱም ቤቶች የሚፈልጉትን ጠባይ መርጠው ነው የሚሠሩት። ቤት ውስጥ 27 ዲግሪ የደረሰ ቢራ ግን በአብዛኛው ማንም ሳይመርጠው የደረሰ ነው።

ከኖርዌይ ምዕራብ የሚመጣውን ክቬክ የተባለውን የገበሬ እርሾ የሚጠቅስ ሰውም አለ። ክቬክ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ውስጥ ገብቶ በሁለትና በሦስት ቀን ሥራውን ጨርሶ ንጹሕ ቢራ ይሰጣል። እውነት ነው፤ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰውም መልካም አማራጭ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ክቬክ ከሌሎቹ የቢራ እርሾዎች ተለይቶ የለመደ ቡድን መሆኑን አሳይቷል። የአንድን የተለየ እርሾ ችሎታ ወደ ሌላው ሁሉ ማዛወር ግን አይቻልም፤ የእንግሊዝን ወይም የአሜሪካን የቢራ እርሾ በ35 ዲግሪ የሚያፈላ ሰው ከክቬክ የተማረው ነገር የለም።

እኛ ዘንድ የሚነሳው ተቃውሞ ሌላ ነው። እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትርና ያለ ማቀዝቀዣ ጠላ ሲጠምቁ ኖረዋል፤ ይህ ሁሉ ጭንቀት የፈረንጅ አይደለም ወይ ይባላል። ጠላን በጥንቃቄ ያየ ሰው ግን በአሠራሩ ውስጥ ሙቀትን የሚከፋፍል ጥበብ ያገኛል። መጀመሪያ ጌሾውና ውሃው ይጠነሰሳል፤ ቀጥሎ ብቅሉና የተጋገረው ቂጣ ይገባል፤ ከዚያ አሻሮው ወይም እንኩሮው ተጨምሮ ድፍድፉ ይደፈደፋል፤ ውሃው የሚሞላው በመጨረሻ ነው። በየደረጃው መካከል ቀናት አሉ። እርሾው በጥንስሱ ውስጥ በትንሽ ምግብ ይበረታል፣ ቀጥሎ የሚመጣለትን ይቀበላል፤ ስኳሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት አይወርድበትም። የተከፈለ ሥራ የተከፈለ ሙቀት ያወጣል። የደጋው አየርም አጋዥ ነው፤ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ሌሊቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ደግሞም የቤት ጠላ አልኮሉ ከ5 በመቶ ብዙም አይዘልም፤ የቅራሪው ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ልምዱ የሙቀትን ጥያቄ አያፈርሰውም፤ በራሱ መንገድ መልሶታል። ጠንካራ ቢራ የሚጠምቁ ሰዎችም ይህንኑ መንገድ ይጠቀሙበታል፤ የስኳሩን አንድ ክፍል አስቀርተው ዋናው ፍላት ከበረደ በኋላ ይጨምሩታል፣ እርሾው መጀመሪያ የሚገጥመው ጭማቂ በዚያ ልክ ይቀላል። ጠጅ ላይ ችግሩ ይለያል። ማር ናይትሮጅኑ ጥቂት ስለሆነ እርሾው ከመቃጠል ይልቅ የሚራብበት ጊዜ ይበዛል፤ በወጥ ቤቱ ጠጅ የሚጥል ሰው የቢራን ምክር እንዳለ ባይገለብጠው ይሻላል።

አረፋውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቀላል ነው። በ20 ሊትር ላይ ቢያንስ ሩቡን፣ ከተቻለም ሲሶውን ያህል ባዶ ቦታ መተው ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ቦታ ከጠበበ ትንሿን የጋዝ ማስወጫ አውልቆ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቱቦ በቦታዋ ማስገባትና ጫፉን በተዘጋጀ የማጽጃ ውሃ ባልዲ ውስጥ መንከር ነው፤ ቀጭን ቱቦ በሆፕ ስለሚደፈን ከናካቴው ባይኖር ይሻላል። ቢራው ሲቀዘቅዝ ባልዲው ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ኋላ ሊስበው እንደሚችል መርሳት አይገባም፤ ስለዚህ ባልዲው ከዕቃው ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ውሃውም ጥቂት ይሁን። ስለ ጋዙ ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። 800 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ 10 ሜትር ኩብ ይዘት ባላት ዝግ መጋዘን ውስጥ ቢጠራቀም ከአየሩ 8 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ይህ ሰውን የሚጥል መጠን ነው። ጋዙ በቀናት ውስጥ ስለሚወጣ፣ በር ስር ያለ ክፍተትም ስለሚያሳልፈው እዚያ መድረሱ አይዘወተርም፤ ቢሆንም ጠንካራ ቢራ በሚፈላበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው አይተኛ፣ በሩም ይከፈት።

ሙቀቱን መቆጣጠር ከዚህ የሚከብድ ቢመስልም ውድ አይደለም። አሮጌ ፍሪጅና እንደ ሙቀቱ ፍሪጁን እያበራ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ካለ በቂ ነው፤ የመቆጣጠሪያው ልኬት ጫፍ በአየር ውስጥ ሳይሆን ከዕቃው ጎን ጋር ተለጥፎ በጨርቅ ይሸፈን፣ መለካት ያለበት ቢራው ነውና። ፍሪጅ የሌለው ዕቃውን በሰፊ ገንዳ ውሃ ውስጥ አቁሞ በውሃ የተሞሉ የበረዶ ጠርሙሶችን ጠዋትና ማታ ይቀያይር። ውሃ ከአየር እጅግ የበለጠ ሙቀት ስለሚሸከም ይህ ዘዴ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ይሠራል። ጭማቂው በ17 ወይም በ18 ዲግሪ እርሾውን ይቀበል፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት ከ20 አይለፍ። የሚጨመረው እርሾም ራሱ የጭማቂውን ሙቀት የተጠጋ ይሁን። ከዚያ በኋላ፣ እፍጋቱ መውረድ ካለበት ከግማሽ በላይ ሲወርድ፣ ማቀዝቀዣው ይነሳና ቢራው በቀን አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ እያለ ወደ 22 ወይም 23 ይውጣ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በብርድ የጀመሩትን በብርድ ሊጨርሱ ይሞክራሉ። ፍላቱ ሲበርድ ሙቀቱም ስለሚወርድ እርሾው ወደ ታች ዘቅጦ ሥራውን ሳይጨርስ ይተኛል። መጀመሪያ የተከለከለው ሙቀት መጨረሻ ላይ መሰጠት አለበት።

አንድ ተቃውሞ ቀርቷል፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚያታልለው እርሱ ነው። ጠንካራ ቢራ ለመቆየት የተሠራ ነው፤ ቢቃጠልም ዓመት ሲቀመጥ ይለዝባል ይባላል። ቆይታ የሆፑን ምሬት ያሳንሳል፣ አንዳንድ ኤስተሮችን ያበርዳል፣ የብቅሉን ጣዕም ወደ ዘቢብና ወደ ቴምር ይወስደዋል። ከባድ አልኮሎቹ ግን በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ የሚሄዱበት የላቸውም፤ ከአሥር ወር በኋላም እዚያው ናቸው፤ ሌላው ጣዕም ሲለዝብ እንዲያውም ጎልተው ይወጣሉ። ተስፋ የሚያደርገው ሰው አንድ ዓመት ጠብቆ የሚያገኘው ያንኑ የሦስት ቀን ስህተት ነው። ከ5 ኪሎ በላይ የብቅል ስኳር፣ አንድ ቀን ሙሉ ድካምና አንድ ዓመት ትዕግሥት ለማውጣት የተዘጋጀ ጠማቂ ገንዘቡን በብቅሉ ላይ ከመጨመሩ በፊት በማቀዝቀዣው ላይ ያውል። ማቀዝቀዣ ማግኘት ካልቻለ ጠንካራውን ቢራ ለብርዱ ወር ያቆየው፤ ሌላውን ጊዜ 5 በመቶ አልኮል ያለው ተራ ቢራ ይጥመቅ፤ በእርሱም ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ቢራውን ራሱን እየለካ ከ20 ዲግሪ በታች መያዝ መቻሉን ያረጋግጥ።